በግል ገንዘብ የሚሠራ የክፍያ መንገድና ድልድይ፦ ከጅማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጅማ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ ራሱ አያስፈራም። ሰውን የሚያደክመው ጠመዝማዛው፣ ጉድጓዱና ከፊት የሚያዘግመው ተሳቢ ነው። ስለዚህ መናኸሪያ አካባቢም፣ ቡና ተራም፣ ቢሮም አንድ ሐሳብ ደጋግሞ ይነሳል፤ «ባለሀብት ይግባና ይሥራው፣ እኛም ከፍለን በሰላም እንሂድ» ይባላል። ወዲያው ደግሞ ጥያቄ ይከተላል። ሐሳቡን የሚደግፈውም የሚቃወመውም የሚጠይቀው ያንኑ ነው። እነዚያን ጥያቄዎች ሰብስቤ የምችለውን ያህል መልሻለሁ። ጽሑፉ ስለ አንድ የተለየ ፕሮጀክት አይደለም። እንዲህ ያለ ሐሳብ በየትኛውም በኩል ቢመጣ ጅማ ላይ ያለ ሰው ምን ማወቅ እንደሚገባው የሚናገር ነው።

በግል ገንዘብ ተሠራ ማለት መንግሥት ምንም አያወጣም ማለት ነው?

አይደለም። መጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ባለሀብቶች ተሰባስበው ለዚያ መንገድ ብቻ አንድ ኩባንያ ያቋቁማሉ። ከራሳቸው የተወሰነ ያዋጣሉ፤ ትልቁን ድርሻ ግን ከባንክ ይበደራሉ። መንግሥት መሬቱንና የማስከፈል መብቱን ለረጅም ዓመታት ይሰጣቸዋል፤ 25 ወይም 30 ዓመት የተለመደ ነው። ኩባንያው መንገዱን ይሠራል፣ ይጠግናል፣ ከተጠቃሚው ያስከፍላል። ዘመኑ ሲያልቅ ያስረክባል። ይህ ኮንሴሽን ይባላል። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ስምምነት በ2010 ዓ.ም. በወጣው የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ይገዛል። አዋጁ ለዚህ ሥራ ቦርድ አቋቁሟል፤ ሥራውን የሚመራው ገንዘብ ሚኒስቴር ነው።

የመንገድን ወጪ በመጨረሻ የሚሸፍኑት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ተጠቃሚውና ግብር ከፋዩ። ባለሀብቱ ገንዘቡን ቀድሞ ያቀርባል እንጂ በስጦታ አይሰጥም። እሱ የሚሸጥልን ነገር ሌላ ነው። ሥራው ቢዘገይ፣ ወጪው ቢንር፣ መኪና ባይመጣ ጉዳቱን እኔ እችላለሁ ይላል። ትርፉንም የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ውሉ ውስጥ ይህን ጉዳት ወደ መንግሥት የሚመልስ አንቀጽ ከተሸጎጠ ግን ለምን ትርፍ እንደምንከፍለው መጠየቅ አለብን። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው መልስ በዚህ ነጥብ ዙሪያ ነው።

የአዲስ–አዳማው የክፍያ መንገድ የተሠራው እንዲህ ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን ይቀላቅለዋል። የአዲስ–አዳማው ፍጥነት መንገድ የመንግሥት ነው። የተሠራው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድርና በመንግሥት ገንዘብ ነው። የክፍያ መንገዶች አዋጅ በ2006 ዓ.ም. ወጣ፤ መንገዱ በ2007 መጀመሪያ ላይ በክፍያ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። የሚያስተዳድረውም የመንግሥት ድርጅት ነው። ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ የሚወስደውም ቢሆን በመንግሥት እጅ ያለ የክፍያ መንገድ ነው።

ልዩነቱ በጉዞ ላይ አይታይም። ሾፌሩ መግቢያው ላይ ካርድ ይወስዳል፣ መውጫው ላይ በርቀቱ ልክ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ልዩነቱ የሚመጣው ገቢው ሲጎድል ነው። የመንግሥት መንገድ ቢከስር ጉድለቱን በጀት ይሸፍነዋል። የግል መንገድ ቢከስር ማን እንደሚሸፍነው የሚወስነው ውሉ ነው።

ነዳጅ ስቀዳ ለመንገድ እከፍላለሁ። ለምን ሁለት ጊዜ?

ጥያቄው ትክክል ነው። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ከነዳጅ ላይ ገንዘብ ይሰበስባል። ገንዘቡ ግን የተመደበው ለጥገና ነው፤ ያሉትን መንገዶች ለመጠገን። አዲስ መንገድ የሚሠራበት ገንዘብ ከዚያ አይወጣም። በክፍያ መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ነዳጁን ያቃጠለው እዚያ መንገድ ላይ ሆኖ ሳለ ከነዳጁ የተሰበሰበው ገንዘብ ሌላ መንገድ ይጠግናል። ስለዚህ በከፊል ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ይቻላል።

ለኔ ይህ የሚዋጠው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው። ከነዳጅ የሚሰበሰበው ገንዘብ ጎን ለጎን ያለውን ነጻ መንገድ በደንብ የሚጠግን ከሆነ ነው። ያኔ የሚከፍለው ሰው ፈጥኖ ለመድረስ ይከፍላል፤ የማይከፍለውም ባዋጣው ገንዘብ የተጠገነ መንገድ ያገኛል።

ክፍያው ስንት ይሆናል? እንዴት ይሰላል?

ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከዕዳው ተነስቶ ነው የሚሰላው። ለማሳየት ያህል የፈጠራ ቁጥር እንውሰድ። መንገዱ 4 ቢሊዮን ብር ፈጀ እንበል። ብሩ በሙሉ በዓመት 15 በመቶ ወለድ የተገኘ ነው እንበል። ወለዱ ብቻ በዓመት 600 ሚሊዮን ብር ይሆናል። በቀን 5,000 መኪና ቢያልፍ በዓመት ወደ 1.8 ሚሊዮን መኪና ነው። ሲካፈል ለአንድ መኪና 329 ብር ገደማ ይደርሳል። ይህ ወለዱ ብቻ ነው። ዋናው ብድር፣ ጥገናው፣ ደመወዙና ትርፉ ገና አልተነካም።

አሁን መኪናውን በቀን 20,000 አድርጉት። ያው ወለድ ለአንድ መኪና ወደ 82 ብር ይወርዳል። መንገዱ ያው፣ ዕዳው ያው፣ ክፍያው ግን ሩቡ ሆነ።

እንግዲህ የግል የክፍያ መንገድ ትልልቅ ከተሞች ዳር የሚበዛው ለዚህ ነው። ጠዋት ሥራ፣ ማታ ቤት የሚል ብዙ መኪና ይፈልጋል። ከጅማ የሚወጣው ትራፊክ ደግሞ ወቅት ያውቃል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቀይ ቡና ሲለቀም ከአጋሮ፣ ከጎማ፣ ከሊሙ የሚመጣው አይሱዙ ይበዛል። ክረምት ላይ ይሳሳል። አጥኚ ነኝ የሚል ሰው ኅዳር ላይ ለሁለት ሳምንት ቆጥሮ ዓመቱን በዚያ ካባዛው የሚደርስበት ቁጥር ያምራል፤ ግን እውነት አይደለም። የትራፊክ ጥናት ሲቀርብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የተቆጠረው በየትኛው ወር ነው የሚለው ነው።

የተተነበየው መኪና ባይመጣስ?

ይሄ ዋናው ጥያቄ ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ደለስ ግሪንዌይ የሚባል መንገድ አለ። ከሊዝበርግ ከተማ እስከ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል፤ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ዋሽንግተን አካባቢ ሥራ ለሚመላለሱ ሰዎች ታስቦ በግል ገንዘብ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ተከፈተ። የመጣው መኪና ከተተነበየው በብዙ ያነሰ ሆነ። ሰዎች ጎን ባለው ነጻ መንገድ መጨናነቅን መረጡ። ኩባንያው ሰው ለመሳብ ክፍያውን ቆረጠ። መኪናው ጨመረ፤ ገቢው ግን ዕዳውን መሸከም አልቻለም። በመጨረሻ ከአበዳሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ዕዳውን እንደገና አዋቀረ። የማስከፈል መብቱም እስከ 2056 እ.ኤ.አ. ተራዘመለት።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የትንበያው ስህተት ዋጋ በመጀመሪያ የወደቀው በባለሀብቱና በአበዳሪው ላይ ነው፤ ተገቢ ነው። ቀጥሎ ግን ዘመኑ ሲራዘም የወደፊቱ መንገደኛም ተሸከመ። ያን ጊዜ ያልተወለደ ሰው ለዚያ ስህተት ይከፍላል።

በዚህም ላይ ለተመላላሹ አንድ ጥሩ ነገር ነበረው። ኩባንያው ክፍያ ለመጨመር የክፍለ ግዛቱን ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ማስፈቀድ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 ጭማሪ ጠይቆ ኮሚሽኑ ከልክሎታል። እንዲህ ያለ «አይሆንም» የሚል አካል የሌለበት ውል ጅማ ላይ ቢቀርብ እኔ ፊርማዬን አላኖርም።

ሌላው መንገድ መንግሥት ዋስትና መስጠት ነው። «መኪናው ከዚህ ቁጥር ቢያንስ ልዩነቱን እከፍላለሁ» ይላል። ባንኮች ይህን ይወዱታል፤ ያለዚያ ብዙውን ጊዜ አያበድሩም። ክፉ ነው አልልም። አንዳንዴ ያለሱ ድልድይ አይሠራም። ነገር ግን ዋስትናው በግልጽ መነገርና በበጀት ሰነድ ላይ መስፈር አለበት። አለበለዚያ በምረቃው ቀን «ከመንግሥት ሳንቲም አልወጣም» ይባላል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ለጤና ጣቢያ የታሰበው ገንዘብ ባዶ መንገድ ይደጉማል።

ብድሩ በዶላር ከሆነ እኛን ምን አገባን?

በጣም ያገባናል። ክፍያው በብር ነው የሚሰበሰበው፤ ዕዳው በዶላር ነው የሚከፈለው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዶላር ዕዳ ያለበት የክፍያ መንገድ ቢኖር ኖሮ በአንድ ወር ውስጥ ዕዳው በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። የሾፌሩ ገቢ ግን እጥፍ አልሆነም።

ናይሮቢ ላይ ይህ ታይቷል። 27 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የናይሮቢ ፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2022 ተከፈተ። የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው፤ ገንዘቡን በክፍያ ያስመልሳል። የኬንያ ሽልንግ ሲዳከም በ2024 መጀመሪያ ላይ ክፍያው ተጨመረ። መንገዱን ከጫፍ ጫፍ ለሚሄድ የቤት መኪና ከ360 ወደ 500 ሽልንግ ገባ።

ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ክፍያው የሚጨምረው ከምን ጋር ታስሮ ነው? ከዶላር ጋር? ከኑሮ ውድነቱ ጋር? ጣሪያ አለው? «በየጊዜው እንደ ሁኔታው ይሻሻላል» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

የድሮው መንገድ ይዘጋብናል?

በቀጥታ አይዘጋም ይሆናል። የሚያሰጋው ቀስ ብሎ ሲሞት ነው። ጉድጓዱ ይሰፋል፣ ቱቦው ይደፈናል፣ የሚጠግነው ይጠፋል። ከዚያ ሰው «ወዶ» ወደ ክፍያው ይሄዳል።

አንዳንዴ ደግሞ ውሉ ራሱ ያስገድዳል። ካሊፎርኒያ ውስጥ መስመር 91 ላይ በግል ገንዘብ የክፍያ መስመሮች ተሠርተው እ.ኤ.አ. በ1995 ተከፈቱ። ውሉ መንግሥት ጎን ያለውን ነጻ መንገድ እንዳያሰፋ የሚከለክል አንቀጽ ነበረው። ነጻው መንገድ ሲጨናነቅ መንግሥት እጁ ታሰረ። ሕዝቡ ተቆጣ። በመጨረሻ የአካባቢው የትራንስፖርት ተቋም መስመሮቹን በ207.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ከዚያ አንቀጽ ተገላገለ።

ለጅማ ሲተረጎም ነገሩ ግልጽ ነው። «በዚህ አቅጣጫ ለዚህን ያህል ዓመት ሌላ መንገድ አይሠራም፣ ያለውም አይሻሻልም» የሚል አንቀጽ ካለ፣ ሰርቦና አሰንዳቦ ያለው ገበሬ ውል ሳይፈርም ታሰረ ማለት ነው። ይህ አንቀጽ መውጣት አለበት፤ ካልወጣም የድሮው መንገድ በየዓመቱ በምን ደረጃ እንደሚጠገን እዚያው ውል ላይ ይጻፍ።

ድልድይ ብቻ ቢሆንስ? ለድልድይ ማስከፈል ያዋጣል?

ጅማ በወንዝ የተከበበች ናት። ወደ አዲስ አበባ ጊቤ፣ ወደ ቦንጋ ጎጀብ፣ ወደ በደሌ ዴዴሳ። ወደየትም ብትሄዱ አንድ ቦታ ቁልቁል ትወርዳላችሁ፣ ትሻገራላችሁ፣ ሽቅብ ትወጣላችሁ።

ጊቤን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ከአበልቲ ወደ ታች ሲጀመር የመኪናው ድምፅ ይቀየራል። የጫነው አይሱዙ በከባድ ማርሽ ያጉረመርማል። ትንሽ እንደተወረደ የሞቀ ፍሬን ይሸታል። ጃኬት ለብሶ የተነሳው ተሳፋሪ መስኮት መክፈት ይጀምራል። ልምድ ያለው ሾፌር ዳር ይዞ ይቆማል፣ ጎማውን ይዞራል፣ ፍሬኑ እስኪበርድ ይጠብቃል። የቸኮለው አይጠብቅም። ያ ቁልቁለት ስንቱን ቤት እንዳጨለመ በየቤታችን እናውቃለን። ሸለቆውን ከፍ ብሎ የሚያቋርጥ ድልድይ ቢኖር ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሕይወት ያተርፋል። ለዚህ እኔ በደስታ እከፍላለሁ።

ሆኖም ድልድይ ከመንገድ ይለያል። በመንገድ ላይ ክፍያ የመረረው ሰው የድሮውን ይይዛል። በድልድይ ላይ የድሮው ከተዘጋ ምርጫ የለም፤ በዋና ተሻገር አይባልም። ምርጫ በሌለበት ቦታ የማስከፈል መብትን ለግለሰብ መስጠት ትልቅ ሥልጣን መስጠት ነው። ስለዚህ በድልድይ ላይ የክፍያው ጣሪያ ከመንገድ ይልቅ ጥብቅ መሆን አለበት፤ የድሮው ድልድይም ለቀላል መኪና ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት።

በአፍሪካ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በአይቮሪ ኮስቷ አቢጃን ከተማ ያለው የአንሪ ኮናን ቤዲዬ ድልድይ ነው። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተጀመረ ቢሆንም በአገሩ ቀውስ ምክንያት ዘግይቶ በታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ሲከፈት ለቤት መኪና 500 ሴፋ ፍራንክ ነበር የሚያስከፍለው። ከተማዋ ውስጥ ሌሎች ድልድዮች በነጻ አሉ። ሰው የሚከፍለው ሰልፉን ለማምለጥ ፈልጎ ነው። ያ ምርጫ ነው ነገሩን የሚያስችለው።

ከአጋሮ ወይም ከሰርቦ በየቀኑ እመላለሳለሁ። እኔም እንደ ጎብኚ እከፍላለሁ?

መክፈል የለብህም፤ ግን ካልተጠየቀ ማንም በራሱ ተነስቶ አይቀንስልህም። በብዙ አገር ለተመላላሽ ሰው ወርኃዊ ካርድ አለ፤ በወሩ ብዙ በተመላለሰ ቁጥር የአንዱ ጉዞ ዋጋ ይቀንሳል። በአካባቢው ለሚኖር ሰው ለይቶ ቅናሽ የሚያደርግም አለ። ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የሚገባ ሠራተኛ፣ ጅማ መጥቶ የሚማር ልጅ፣ መርካቶ ሸቀጥ የሚያወርድ ነጋዴ በወር የሚያወጡት ገንዘብ በአንድ ጉዞ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። በወር ሲደመር ግን የቤት ኪራይ ሊያህል ይችላል። ኩባንያውም ቢሆን ከእንግዳው ይልቅ የሚኖረው በእነዚህ ሰዎች ነው።

አምቡላንስ በነጻ ማለፍ እንዳለበት ማንም አይከራከርም። እዚህ ግን ሌላ ነገር አለ። ከጅማ ዙሪያ፣ ከከፋ፣ ከኢሉባቦር በሽተኛ ወደ ጅማ ሆስፒታል የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በአምቡላንስ አይደለም። በሚኒባስ ወይም በጎረቤት ፒክአፕ ነው። ወደ ሐኪም የተላከበትን ወረቀት ያሳየ ሰው በነጻ እንዲያልፍ ደንብ ቢወጣ ለኩባንያው ወጪው ኢምንት ነው፤ ለቤተሰቡ ግን ብዙ ነው።

የሚኒባስና የአውቶቡስ ታሪፍ ይጨምራል?

ይጨምራል ብላችሁ ጠብቁ። ታሪፉን የሚያወጣው የመንግሥት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። የመንገዱ ክፍያ በታሪፉ ውስጥ ከተካተተ ተሳፋሪው በግልጽ ይከፍላል። ካልተካተተ ሾፌሩ ከራሱ አይከፍልም፤ ትርፍ ይጭናል። ረዳቱ መሐል ላይ በርጩማ ያስቀምጣል፣ ሦስት ሰው የሚቀመጥበት ላይ አራት ያደርጋል። ፈጣን መንገድ ላይ ትርፍ የጫነ ሚኒባስ ደግሞ የባሰ አደጋ ነው። ስለዚህ የታሪፉ ጉዳይ መንገዱ ከመከፈቱ በፊት ይለቅ።

ባጃጅ፣ ጋሪና ከብትስ?

አይገቡም። ፍጥነት መንገድ በአጥር የተከለለ ነው፤ እግረኛም አይፈቀድለትም። ለዚህ በቂ ምክንያት አለው።

ግን አጥሩ መንደሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ቤቱ በዚህ፣ የግጦሽ መሬቱ በዚያ የሆነ ሰው ይኖራል። መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ትምህርት ቤቱ ማዶ የሚቀርበት አለ። ከሥር የሚያሻግር መተላለፊያ በወረቀት ላይ ሁሌም ይታያል። ችግሩ የት ላይ እንደሚቀመጥ የሚወስነው መሐንዲሱ ቢሮው ቁጭ ብሎ መሆኑ ነው። በገበያ ቀን ሰውና ከብት በየት እንደሚያልፍ የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው። እሱን ሳይጠይቁ የተሠራ መተላለፊያ ውኃ ይቋጥራል፤ ሰው ደግሞ አጥሩን ቀዶ ያልፋል። ከዚያ አጥር ቀደደ ተብሎ ይወቀሳል።

ይሄ እኮ ያው ኬላ ነው። መንገድ ዳር ገመድ ከሚዘረጋው በምን ይለያል?

የጅማ ሰው ኬላን በታሪክም ያውቀዋል። በአባ ጅፋር ዘመን የጅማ መንግሥት ዳር ዳሩን በኬላ የታጠረ ነበር። ወደ ሒርማታ ገበያ የሚመጣ ነጋዴ በር ላይ ይጠየቃል፣ ቀረጡን ይከፍላል፣ ይገባል። በምላሹ መንገዱ የተጠበቀ ገበያውም የተረጋጋ ነበር። ነጋዴ ለምን እንደከፈለ ያውቅ ነበር።

ልዩነቱም እዚሁ ላይ ነው። መንገድ ዳር ገመድ ዘርግቶ የሚሰበስብ ሰው መንገድ አይሠራም፣ ደረሰኝ አይሰጥም፣ ነገም ሌላ ገመድ ይጠብቅሃል። የክፍያ መንገድ የታወቀ ዋጋ፣ ደረሰኝና ተጠያቂ አለው። ሾፌሮች ግን ሌላውን ገመድ ሳያነሱልን ይሄኛውን አትጨምሩብን ቢሉ አልፈርድባቸውም። ለክፍያ መንገድ የሚከፍል የጭነት መኪና በዚያው መስመር ሌላ ምንም እንዳይጠየቅ ማድረግ የመንግሥት ግዴታ ሆኖ በውሉ ይግባ።

መንገዱ በቡና ማሳዬ ቢያልፍ?

መሬት ለመንገድ የሚወሰደው በመንግሥት በኩል ነው እንጂ ኩባንያው በቀጥታ ከገበሬው አይወስድም። የሚሠራበት ሕግ የመሬት ማስለቀቅና ካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። ቋሚ ተክል ከዓመታዊ ሰብል ተለይቶ ይታያል። ቡና ደግሞ ዛሬ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ከሥሩ የተነቀለ ሰው እስከዚያ በምን ይኖራል የሚለው በገማቹ ፊት መነሳት አለበት። የጥላ ዛፉንም አስቆጥሩ። ብዙ ሰው ቡናውን ቆጥሮ ዋንዛውን ይረሳል።

ግምቱን የሚገልጽ ወረቀት በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሰጥ። የማይነበብ ወረቀት ላይ መፈረም የለም። ልጆቻችሁ የተማሩ ከሆኑ እነሱ ያንብቡላችሁ፤ ሳይገባችሁ ግን ጣት አትንከሩ።

ውሉን ማየት እንችላለን?

መቻል አለብን። ቢያንስ አምስት ነገር በአደባባይ ይታወቅ፦ ዘመኑ፣ የክፍያው ጣሪያና የሚጨምርበት ቀመር፣ የመንግሥት ዋስትና፣ የድሮው መንገድ ዕጣ፣ የርክክቡ ሁኔታ። ኩባንያው የንግድ ምሥጢር የሚለው ነገር ይኖረዋል፤ እነዚህ ግን ምሥጢር አይደሉም፤ ከኪሳችን የሚወጣው ገንዘብ የሚወሰንባቸው ናቸው። የሕዝብ ስብሰባ ሲጠራም ከአበልና ከሻይ በፊት እነዚህ ወረቀቶች ይታደሉ። ስብሰባው ከመድረሱ ከሳምንታት በፊት ቢሆን ይመረጣል።

ዘመኑ ሲያልቅ መንገዱ የማን ነው?

የመንግሥት፤ ማለትም የሕዝብ። ግን በምን ሁኔታ? አንድ ኩባንያ መንገዱን ከሦስት ዓመት በኋላ እንደሚያስረክብ ካወቀ አዲስ አስፋልት ለማልበስ አይቸኩልም። ጉድጓድ እየደፈነ ጊዜውን ይገፋል። እኛ የምንረከበው ያረጀ መንገድና የተሰነጠቀ ድልድይ ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ዘመኑ ሊያልቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ ገለልተኛ መሐንዲስ መንገዱንና ድልድዩን ይመረምራል። የሚጠገነው ተዘርዝሮ ይጻፋል። ከሚሰበሰበው ክፍያ ለዚያ ጥገና የሚበቃ ገንዘብ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል፤ ጥገናው ካልተሠራ ኩባንያው አይነካውም። ይህ ዛሬ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ከ30 ዓመት በኋላ የሚጠይቅ ሰው የሚጠቅሰው ወረቀት አይኖረውም።